የዱር እንስሳት ጉብኝት ለዘጋቢ ምን ያስተምራል?
(ከአንኮበር የመስክ ጉዞ የተወሰደ)

መግቢያ

ዜና አሰባሰብ ስንማር ምሳሌዎቻችን አብዛኛውን ጊዜ ስብሰባ፣ ጋዜጣዊ መግለጫና የመኪና አደጋ ናቸው። የዱር እንስሳት ጉዳይ ሲነሳ "ይሄማ የቱሪዝም ነው" ብለን እናልፈዋለን። ከጻፍንም "ውብ"፣ "ማራኪ"፣ "አስደናቂ" የሚሉ ቃላት ደርድረን እንጨርሳለን። በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማሳየት የምሞክረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ የጥሩ አስጎብኚ ሥራ ከዘጋቢ ሥራ ጋር በጣም እንደሚቀራረብ ነው። ሁለተኛውና ዋናው ደግሞ ስለ ዱር እንስሳት የሚሠራ ዘገባ ከእንስሳቱ ጋር የሚኖረውን ሰው ከዘለለ ጎዶሎ መሆኑ ነው። ምሳሌዬን የምወስደው በአንድ የኅዳር ወር ከሦስት ጓደኞቼ ጋር፣ ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው በአንኮበር ካደረግነው የግማሽ ቀን የእግር ጉዞ ነው።

1. የታየውን ካልታየው መለየት

አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መናገሻ እንደነበረች ሁላችንም እናውቃለን። ከዚያ በስተምሥራቅ ደጋው አልቆ መሬቱ ወደ አፋር ቆላ ቁልቁል ይወርዳል። ገደሉ የጭላዳ ማደሪያ ነው። ጭላዳ ሌሊቱን ገደል ላይ ያድርና ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ ወደ ሜዳው ብቅ ብሎ፣ ቁጭ ብሎ ሣር ሲነጭ ይውላል። ወንዱ እንደ አንበሳ ጎፈር አለው፤ ደረቱ ላይ ደግሞ ፀጉር የሌለው ቀይ ቆዳ ይታያል። በዱር የሚኖረው በኢትዮጵያ ብቻ ነው። እኛ በልማድ "ጭላዳ ዝንጀሮ" እንበለው እንጂ ተመራማሪዎች ከሌሎቹ ዝንጀሮዎች ለይተው ቴሮፒቴከስ በሚባል ወገን ይመድቡታል። የዚህ ወገን ሌሎች ዝርያዎች ጠፍተው ዛሬ በሕይወት ያለው እሱ ብቻ ነው።

መንጋውን ስናገኝ አንዱ ጓደኛችን "ጋሼ፣ ስንት ይሆናሉ?" ብሎ አስጎብኚያችንን ጠየቃቸው። እሳቸውም "የቆጠርኩት 62 ነው። ከአፋፉ በታች ያሉትን ግን አላየሁም። ስለዚህ መንጋው 62 ነው አልልህም" አሉት። ይህ መልስ ለእኛ ትልቅ ትምህርት ነው። "በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተገኝተዋል" ብለን ስንጽፍ ማን ቆጠራቸው? የት ቆሞ? ብለን የምንጠይቀው ስንቶቻችን ነን?

ብስኩት እንዳንወረውርም አስጠነቀቁን። "ከሰጣችኋቸው የምታዩት የጭላዳን ጠባይ ሳይሆን የብስኩቱን ነው" አሉ። ካሜራ ሲደቀንበት ድምፁንም አቋቋሙንም የሚለውጥ ሰው ያጋጠመው ዘጋቢ ነገሩ ይገባዋል።

2. የቆየ መረጃን ማጣራት

አስጎብኚያችን በገደሉ ጠርዝ ላይ የሚኖሩ ትናንሽ ወፎችንም እንድንፈልግ ነግረውን ነበር። ከእነዚህ መካከል በአካባቢው ስም የምትጠራው የአንኮበር ሴሪን ትገኛለች። ቡናማ፣ ዥንጉርጉር፣ ዓይን የማትስብ ወፍ ናት። ሳይንስ ያወቃት እ.ኤ.አ. በ1976 እዚሁ አንኮበር አካባቢ ነው። ለብዙ ዓመታትም ከዚህ ጠባብ አካባቢ በቀር ሌላ ቦታ እንደማትገኝ ይታመን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ግን በሰሜን ተራሮችም ተገኘች። "በዓለም ላይ በአንኮበር ብቻ የምትገኝ" የሚለው አባባል በጊዜው ስህተት አልነበረም። ዛሬ ከአሮጌ ጽሑፍ ገልብጦ የሚደግመው ዘጋቢ ግን ይሳሳታል።

3. ጊዜ ሰጥቶ መመልከት

የግማሽ ቀን ጉብኝት የሚያሳየን ጥቂቱን ብቻ ነው። እዚሁ ሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ውስጥ በሚገኘው ጓሣ ተመራማሪዎች ጭላዳዎችንና ቀይ ቀበሮዎችን ለረጅም ጊዜ ተከታትለዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ጥናት መሠረት ቀበሮው በጭላዳ መንጋ መካከል ሆኖ አይጥ ሲያድን ከሙከራዎቹ 67 በመቶው ይሳካለታል፤ ብቻውን ሲያድን ግን 25 በመቶው ብቻ። የጭላዳ ግልገል ለመብላት የሚችል አውሬ ግልገሉን ትቶ አይጥ ሲፈልግ ጭላዳዎቹም ዝም ይሉታል። ይህን ለአንድ ቀን የሄደ ጎብኚ ቢያይ "ጓደኛሞች ናቸው" ብሎ ያልፍ ነበር። ነገሩ ምን ያህል እንደሚደጋገምና ማን እንደሚጠቀም የታወቀው ግን በትዕግሥት ተቀምጦ በመቁጠር ነው።

4. የማን ድምፅ ቀረ?

ወደ መንገዱ ስንመለስ አንድ አዛውንት ገበሬ ገብሳቸው ዳር ቆመው አገኘናቸው። ጭላዳ ዋና ምግቡ ሣር ቢሆንም እህል ሲደርስ ማሳ ውስጥ ይገባል። በሕግ የተጠበቀ እንስሳ ስለሆነ ደግሞ መግደል አይቻልም። "አባባ፣ እንዴት ነው ከጭላዳ ጋር?" አልናቸው። "እናንተማ ፎቷችሁን አንስታችሁ ትሄዳላችሁ ልጆቼ። እኛ ገብሱ ታጭዶ እስኪገባ ልጆቹን ከትምህርት ቤት እያስቀረን እናስጠብቃለን። እስቲ እሷንም ጻፏት" አሉን።

እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ጥፋት ሊሠራ ይችላል። አንዱ አዛውንቱን ጨርሶ መተው ነው፤ ያኔ ጽሑፉ የጉብኝት ማስታወቂያ ይሆናል። ሌላው የአንድ ሰው ቃል ይዞ "ጭላዳ ትምህርት አስተጓጎለ" ብሎ ርዕስ ማውጣት ነው። ትክክለኛው መንገድ ቃሉን እንደ ፍንጭ መያዝ ነው። የትምህርት ቤቱ የመቅሪያ መዝገብ በኅዳርና በታኅሣሥ ምን ይላል? የግብርና ባለሙያው ምን ያህል ጉዳት መዝግቧል? ከጎብኚ የሚገኘው ገንዘብ ማሳው ለሚበላበት ገበሬ ይደርሳል ወይስ አይደርስም?

ጥበቃና የገበሬ ጥቅም ሊታረቁ እንደሚችሉ ጓሣ ራሱ ምስክር ነው። የመንዝ ሕዝብ ቄሮ በሚባል የጥንት ሥርዓት ሜዳውን ለዓመታት ዘግቶ ይጠብቅ፣ ከዚያ በስምምነት ከፍቶ ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆነውን የጓሣ ሣር ያጭድ ነበር። ሥርዓቱ ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ቢፈርስም ሕዝቡ በኋላ በኮሚቴ ተደራጅቶ ጥበቃውን ቀጥሏል። ቀበሮውም ጭላዳውም የተረፉት ሣሩ ለሰው ስለሚጠቅም ጭምር ነው።

ማጠቃለያ

ለማጠቃለል ያህል፣ ስለ ዱር እንስሳት ለመጻፍ ስንነሳ አራት ጥያቄ በማስታወሻ ደብተራችን ራስጌ ላይ ብናሰፍር ይጠቅመናል፦

ሀ. በዓይኔ ያየሁት የትኛው ነው? የተነገረኝስ?
ለ. የያዝኩት መረጃ የመቼ ነው?
ሐ. ያየሁት ነገር በየቀኑ የሚሆን ነው ወይስ የዛሬ ብቻ?
መ. ከእንስሳው ጋር የሚኖረውን ሰው ጠይቄያለሁ? የነገረኝንስ ከሌላ ምንጭ ጋር አመሳክሬያለሁ?

ደብረ ብርሃን ለተቀመጠ ተማሪ አንኮበር ሩቅ አይደለም። መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ፣ ለተግባር ትምህርት በቡድን ብንሄድና የአዛውንቱን ጥያቄ ተከታትለን ብንሠራው ለመምህራኖቻችን የማቀርበው ሐሳብ ነው። ልጆቹ ማሳ ሲጠብቁ ስንት ቀን ከትምህርት እንደሚቀሩ መዝገብ አገላብጦ የሚጽፍ ሰው ያስፈልጋል፤ ያም ሰው ከእኛ ክፍል ቢወጣ ደስ ይለኛል።