ሞላው ከመፈታቱ በፊት
የተሽከርካሪ የፊት ሞላ አፈታትና የሰበካ ጉባኤ ኃላፊነት



በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ቁጥር 8 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በጣሪያው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ታዝዟል፤ ሰው ከዚያ ቢወድቅ ደሙ በባለቤቱ ላይ ነውና። ሕጉ የሚጠይቀው የወደቀውን ሳይሆን ባለቤቱን መሆኑን ልብ እንበል። የዚህ እትም ትምህርት ስለ መኪና ሞላ ቢሆንም መሠረቱ ይኸው ነው። የቤተ ክርስቲያን ተሽከርካሪ ሲጠገን ከሥሩ የሚገባው መካኒክ ሕይወት ከባለንብረቱ እጅ ይፈለጋል፤ ባለንብረቱም እኛ ነን።

ከቆጋ መስኖ አካባቢ እስከ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ገጠር ዘር፣ ችግኝና የውኃ ቧንቧ የሚያመላልሱ መኪናዎች ከአስፋልቱ ወርደው በጭቃና በድንጋይ ይሄዳሉ። የፊት ሞላ የሚረግበውና የሚሰበረው በዚህ ጉዞ ነው። መኪናው በአንድ ወገን ሲያዘነብል ወይም ጉድጓድ ሲያልፍ ብረት ከብረት ሲጋጭ ከተሰማ ሞላው መታየት አለበት።

ባለፈው ክረምት አንድ ፒክአፕ በመንገድ ዳር ሞላው ሲቀየር ቆሜ ነበር። መኪናው የተነሣው በአንድ ክሪክ ሲሆን ክሪኩ የቆመው በተደራረበ ድንጋይ ላይ ነው። ዕድሜው ከሃያ የማይበልጠው መካኒክ መፍቻ የሚያቀብለው ቢዘገይበት ራሱ ሊያነሣ ከሥሩ ወጣ። ወዲያው ድንጋዩ ተንሸራትቶ መኪናው መሬት ላይ ተቀመጠ። ልጁ ተረፈ። እኔ ግን ድንጋዩን አስቀድሜ አይቼው ነበር፤ ለስብሰባ ስለ ቸኮልሁ ዝም አልሁ። ይህን ጽሑፍ ያጻፈኝ ያ ዝምታ ነው።

በሞላ ውስጥ ያለው ኃይል

እንግሊዛዊው ሊቅ ሮበርት ሁክ እ.ኤ.አ. በ1678 እንዳስረዳው የሞላ ኃይል በተጨመቀበት ልክ ያድጋል። እጥፍ የተጨመቀ ሞላ እጥፍ ኃይል ይገፋል፤ በውስጡ የሚያከማቸው ጉልበት ግን አራት እጥፍ ነው። ባዶውን 2,000 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝን ፒክአፕ ሞተሩ ከፊት በመሆኑ እያንዳንዱ የፊት ሞላ ወደ 5 ኩንታል የሚጠጋ ክብደት ተሸክሞ ይቆማል። ጆንያ ቢያመልጥ የሚወድቀው ወደ ታች ነው፤ ተጨምቆ ያመለጠ ሞላ ግን መንገድ ወዳገኘበት ሁሉ ይወረወራል።

አስቀድሞ ዓይነቱን መለየት

ሁሉም መኪና ከፊት ጥምዝ ሞላ የለውም፤ ብዙዎቹ የጭነት መኪናዎች የሚቆሙት በባሌስትራ ነው። የቶዮታ ላንድክሩዘር 70 ፒክአፕም እስከ እ.ኤ.አ. 1999 ድረስ ከፊት ባሌስትራ ነበረው፤ ከዚያ ወዲህ ግን ከፊት ጥምዝ ሞላ ተደርጎለታል። በዚህ ዓይነት ሞላው በአክስሉና በሻንሲው መካከል ተቀምጦ ከሾኩ ተለይቶ ይወጣል። እ.ኤ.አ. ከ2005 ወዲህ በተሠራው ሃይሉክስ ደግሞ ሞላው በሾኩ ላይ ተጨምቆ ከአናቱ በአንድ ዳዶ ተይዟል። የሁለቱ አፈታት ፈጽሞ የተለያየ ነው።

ሙሉ አክስል ላላቸው

1. ጭነቱ ይውረድ። መኪናው በጠፍጣፋና በጠንካራ መሬት ላይ ቆሞ የእጅ ፍሬኑ ይያዝ፤ የኋላ ጎማዎቹም ከፊትና ከኋላ በሽብልቅ ይደገፉ።

2. የጎማው ዳዶዎች ጎማው መሬት ላይ እያለ ጥቂት ይላሉ። ከዚያ መኪናው ተነሥቶ ሻንሲው በግራም በቀኝም በብረት ስታንድ ላይ ይቀመጥ፤ ጎማዎቹም ይውለቁ። ክሪክ ማንሻ እንጂ ማቆያ አይደለም። ድንጋይ ይንሸራተታል፤ ብሎኬትም ሳይታሰብ ይፈረካከሳል።

3. ሾኩ ከመፈታቱ በፊት ክሪክ ከአክስሉ ሥር ገብቶ ክብደቱን ይያዝ። አክስሉን ከልክ በላይ እንዳይወርድ የሚገታው ሾኩ ነው። ሳይደገፍ ቢፈታ አክስሉ ባንድ ጊዜ ይወድቃል፤ ሞላውም ሊፈናጠር ይችላል።

4. የሾኩ የታች ማሰሪያና የስታቢላይዘር ባሩ ማያያዣ በሁለቱም ወገን ይፈታ። የፍሬን ቱቦው እንዳይወጠር አንድ ሰው ይከታተል።

5. ክሪኩ በዝግታ ይውረድ። ሞላው የሚወጣው ላልቶ በእጅ ሲወዛወዝ ብቻ ነው። ገና ውጥረት እያለው በብረት ዘንግ መፈልቀቅ፣ ጣትንም በጥምዞቹ መካከል ማስገባት ክልክል ነው።

አዲስ ሞላ ሲገባ የግራውና የቀኙ አብረው ይቀየሩ፤ አለዚያ መኪናው አዘንብሎ ይቀራል።

ሞላው በሾኩ ላይ ለተጨመቀ

ከአናቱ ዙሪያ ያሉት ትንንሽ ዳዶዎች ሞላውንና ሾኩን አንድ ላይ ከመኪናው ጋር ያስያዙ ናቸው። መካከለኛው ዳዶ ግን የታመቀውን ሞላ የያዘ ነውና መኪናው ላይ እንዳለ ፈጽሞ አይነካ። ሞላውና ሾኩ ሳይለያዩ ይውጡና የሞላ መጭመቂያ ወዳለው ጋራዥ ይወሰዱ። በዚያም መጭመቂያዎቹ ትይዩ ሆነው በየተራ ጥቂት በጥቂት መጥበቅ አለባቸው። መካከለኛው ዳዶ የሚፈታው ሞላው ከመቀመጫው ሲላቀቅ ነው፤ የማንም ፊት በሞላው አናት አቅጣጫ አይሁን። በሽቦ ወይም በገመድ አስሮ መፍታት ሕይወትን በገመድ ማንጠልጠል ነው።

የሰበካ ጉባኤው ድርሻ

ካህኑም ሆነ የኮሚቴው አባል መካኒክ መሆን አይጠበቅበትም፤ ማየትና መጠየቅ ግን ይችላል። ዋጋ ከመስማማታችን በፊት ስታንድና የሞላ መጭመቂያ መኖሩን በዓይናችን እንይ። የራሱ መኪና ያለው ደብር ጥንድ ስታንድ በዓመቱ በጀት ይያዝ። ከኮሚቴው አንድ ሰው ሥራውን እንዲያስቆም ሥልጣን ይሰጠው፤ ላስቆመበትም ሰዓት አይወቀስ። መካኒኩን የሚያጣድፈው ብዙ ጊዜ የእኛ ጥድፊያ ነውና።

ለውይይት

1. የደብራችን መኪና የፊት ሞላ ከየትኛው ዓይነት ነው?
2. ባለፈው ጥገና መኪናው የተደገፈው በምን ነበር? ያየስ ማን ነው?
3. አደጋ እያየን ዝም ያልንበት ጊዜ አለን? ዝም ያሰኘንስ ምንድን ነው?

መልሱን በቃለ ጉባኤ መዝግባችሁ ለሹፌሩም አንብቡለት። በጣሪያችን ላይ መከታ የምናቆመው ሰው ከመውደቁ በፊት ነው።