የክሩን ገጽ ለምታጠኚው ልጄ

1. ሁለት ቁሶች ተነካክተው ሲለያዩ አንዱ ኤሌክትሮን ሰጥቶ፣ ሌላው ተቀብሎ ይቀራል። ማን ሰጪ ማን ተቀባይ እንደሚሆን በእጅጉ የሚወስነው የላይኛው ስስ ገጽ ነው። ስለዚህ በመነካካት ኤሌክትሪክ ለሚያመነጨው መሣሪያሽ ናኖፋይበሩን ከመፍተልሽ በፊት የሚነካኩትን ጥንድ ቁሶች አስቢ። ናይለን በቀላሉ ይሰጣል፤ ፒቪዲኤፍ በፍሎሪኑ ምክንያት ይቀበላል።

2. የሴሉሎስን ነገር ደጋግመሽ አንብቢ። እኔ በጣም የምወደው ሥራ በ2017 የታተመው ነው። ተመራማሪዎቹ ከአንድ ዓይነት የሴሉሎስ ናኖፋይበር ተነስተው በአንዱ ላይ የኒትሮ፣ በሌላው ላይ የሜቲል ቡድን አሰሩ። የመጀመሪያው በካሬ ሜትር 85.8 ማይክሮኩሎም አሉታዊ፣ ሁለተኛው 62.5 ማይክሮኩሎም አዎንታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ያዘ። መነሻው አንድ፣ ጠባዩ ሁለት! ይህ የሆነው ሴሉሎስ በገጹ ላይ ሌላ ቡድን የሚታሰርበት ሃይድሮክሲል ስላለው ነው። ፒቪዲኤፍ ግን የለውም፤ ፍሎሪን ያለው ሲሌን የተባለ ቅብ ልትቀቢው ከፈለግሽ አስቀድመሽ በፕላዝማ አዘጋጂው፤ አለዚያ ቅቡ ታጥቦ ይሄዳል።

3. ከቀባሽ በኋላ ቮልቱ ጨመረ ብለሽ ኬሚስትሪውን ለማመስገን አትቸኩዪ። ሲሌኑ ክሩን አወፍሮት፣ ቀዳዳውን ደፍኖት፣ የሚነካካውን ስፋት ለውጦት ሊሆን ይችላል። ከአንድ የናኖፋይበር ምንጣፍ ሁለት ቁራጭ ውሰጂ፤ አንዱን ቀቢ፣ አንዱን ተዪ፤ ሁለቱንም በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ እዪ። የውሃ ጠብታ ክብ ሆና መቆሟ ብቻውን አያሳምንሽ፤ ገጹ ሻካራ ከሆነም እንዲያ ትቆማለች። ሲሌኑ በእርግጥ መኖሩን በኤክስሬይ ፎቶኤሌክትሮን ስፔክትሮስኮፒ አረጋግጪ።

4. የክፍሉን እርጥበት ጆሮ ዳባ ልበስ አትበዪው። እርጥብ አየር ሙሉን ያፈስሰዋል፤ በደረቅ ቀን ያገኘሽውን በዝናብ ቀን ካገኘሽው ጋር አታወዳድሪ። ከእያንዳንዱ ልኬት ጎን የእርጥበቱን መቶኛ ጻፊ።

5. መቶዎች ቮልት ስላየሽ ብዙ ኃይል ያገኘሽ አይምሰልሽ፤ ጅረቱ የማይክሮአምፒር ነው። የመሣሪያው ውስጣዊ እንቅፋት በሜጋኦም ስለሚቆጠር ተራ የኦሲሎስኮፕ ፕሮብ ራሱ ምልክቱን ወደ ታች ይጎትተዋል። ሙሉን በኤሌክትሮሜትር ለኪ፤ ኃይሉን በልዩ ልዩ ሬዚስተር ላይ እየሞከርሽ ከፍተኛውን ያዢ።

6. ፒቪዲኤፍ የሚሟሟበት ዲኤምኤፍ ጉበት ይጎዳል፤ ጭስ መምጠጫው ሳይበራ ጠርሙሱን አትክፈቺ። የረጅም ሰንሰለት ፍሎሪን ውህዶችም ከአፈርና ከውሃ በቀላሉ አይጠፉምና ያነሰ ከበቃሽ ያነሰውን ተጠቀሚ። መፍተያው ከ10 ሺህ ቮልት በላይ በሆነ ቮልቴጅ ይሠራል፤ መርፌው ሲደፈን አጥፍተሽ፣ የቀረውን ሙል በመሬት ገመድ ካፈሰስሽው በኋላ ብቻ እጅሽን አስገቢ።