የሙያ ፈተናና ድንገተኛ ነገር

አባቶቻችን «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» ሲሉ የተረቱት ለወጥ ብቻ አይደለም። በራያ ቆላ የሚኖር ገበሬ የዚህን ተረት ትርጕም ከማንም ይልቅ ያውቀዋል። ደመናው በደጋው ላይ ሲከብድ፣ በቆቦ ሜዳ ገና አንድ ጠብታ ሳይወርድ፣ ጎርፉ በጎሊናና በሆርማት ወንዞች ደርሶ ይመጣል። ገበሬው ቦዩን ጠርጎ፣ ክትሩን አጠንክሮ የጠበቀው እንደ ሆነ ጎርፉ ማሽላውን ያጠጣለታል። ሳይሰናዳ የደረሰበት እንደ ሆነ ግን ያው ጎርፍ ማሳውን ጠርጎ ይሄዳል። ውሃው አንድ ነው፤ ልዩነቱ ያለው በመሰናዶው ላይ ነው።

ውድ አንባብያን፣ በዚህ ዓመት መጽሔታችን ላይ ልጽፍላችሁ ያሰብሁት ስለ ሙያ ፈተና ነው። ይኸውም ፈታኙ ክፍል ሊደርስ የሚችለውን ክፉ ነገር አስቀድሞ እንዴት ማሰብ እንደሚገባው፣ ከደረሰም በኋላ ምን ማድረግ እንዳለበት ለመግለጥ ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈታኞቹ መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 ከመቶ ያህል ብቻ እንደ ነበሩ እናስታውሳለን። ስለዚህ ከእኛ ከተማሪዎች ብዙዎቻችን ነገ በሙያ ምዘና ፊት እንቆማለን፤ ነገሩ የሚመለከተን ሁላችንን ነው።

፩፤ የሙያ ምዘና ምንድን ነው?

በሀገራችን በ2000 ዓ.ም. የወጣው የቴክኒክና ሙያ ትምህርትና ሥልጠና ስትራቴጂ ሥልጠናው በውጤት ላይ የተመሠረተ እንዲሆን ወሰነ። ከዚያም በ2008 ዓ.ም. ስለዚሁ ጕዳይ አዋጅ ቁጥር 954 ወጣ። የአሠራሩ ዋና ሐሳብ፣ ሰው የሚመዘነው «የት ተማርህ?» ተብሎ ሳይሆን «ምን መሥራት ትችላለህ?» ተብሎ ነው የሚል ነው። ስለዚህ በኮሌጅ የሠለጠነም ሆነ በጋራዥ ውስጥ ሙያ የለመደ ሰው ለምዘና ሊቀርብ ይችላል። ምዘናው የጽሑፍና የተግባር ክፍል አለው። ውጤቱም አንደኛ ሁለተኛ እየተባለ ደረጃ የሚወጣበት አይደለም፤ «ብቁ» ወይም «ገና ብቁ ያልሆነ» የሚል ነው። ብቁ የሆነው ሰው ሕዝቡ «ሲኦሲ» እያለ የሚጠራውን የብቃት ማረጋገጫ ይቀበላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። በጽሑፍ ፈተና ጊዜ መብራት ቢጠፋ መስኮት ከፍቶ መጻፍ ይቻላል። በተግባር ምዘና ጊዜ ግን መሣሪያው፣ ጥሬ ዕቃው፣ የኤሌክትሪክ ኃይሉ፣ የተመዛኙም እጅና ዓይን ሁሉ የፈተናው ክፍል ናቸው። ከእነዚህ አንዱ ሲጐድል የሚጐዳው ፈተናው ራሱ ነው።

፪፤ በወንድሜ ላይ የደረሰው

ታላቅ ወንድሜ የሠለጠነው በብየዳ ሙያ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከቆቦ ርቆ በሚገኝ አንድ የምዘና ጣቢያ ቀርቦ የበር ማዕዘን እንዲበይድ ታዘዘ። ሥራውን ሲያጋምስ መብራት ጠፋ። ተመልሶ መጣ፤ እንደገና ጠፋ። ለሦስተኛ ጊዜ በመጣ ጊዜ የተወሰነለት ሰዓት ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ቀርቶት ነበር። የተቋረጠው ብየዳ ቀዝቅዞ ቆሻሻው በላዩ ላይ ስለ ደረቀ መጀመሪያ መፋቅ ነበረበት። እርሱ ግን ጊዜው ስለ ጠበበው ሳይፍቅ በላዩ ደርቦ በየደው። መዛኙ በመዶሻ መታ ሲያደርገው ተሰነጠቀ።

ውጤቱ «ገና ብቁ ያልሆነ» የሚል ሆነ። ወንድሜ ቅሬታውን ባቀረበ ጊዜ የተሰጠው መልስ «በመዝገቡ ላይ መብራት ጠፋ የሚል ነገር አልተጻፈም» የሚል ነበር። መዛኙ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን ወንድሜም ይመሰክርለታል። ነገር ግን ድንገተኛ ነገር ሲደርስ የሚሞላው ቅጽ አልተሰጠውም ነበር፤ ጊዜ ለመጨመር ሥልጣን ይኑረው አይኑረውም አያውቅም ነበር። የተጻፈ ነገር ስላልነበረ እውነቱ ከጣቢያው ደጅ ሳይወጣ ቀረ።

ሊቀጥረው ቃል ገብቶለት የነበረው የብረታ ብረት ቤት ሌላ ሰው ቀጠረ። ሁለተኛውን ዙር ሰባት ወር ጠበቀ። አባታችንም ለመሳፈሪያና ለመመዘኛ የሚሆነውን ገንዘብ ለማግኘት ፍየል ሸጡ።

አንድ ቀን ማታ «ያን ጊዜ መዛኙ አዝኖልህ ቢያሳልፍህ ምን ነበረበት?» ብዬ ጠየቅሁት። እርሱም «ብየዳው እኮ ተሰንጥቋል!» አለኝ። «በዚያ ወረቀት ተቀጥሬ የውሃ ሮቶ ማቆሚያ በበየድሁ ኖሮ፣ ከሥሩ በቆመ ሕፃን ላይ ይወድቅ ነበር። እኔ የጠየቅሁት የተወሰደብኝን ጊዜ እንዲመልሱልኝ ነው እንጂ ማለፊያ እንዲሰጡኝ አይደለም።» ይህን ንግግሩን አልረሳሁትም። ስለ ጕዳዩ እንዳጠና ያነሣሣኝም ይኸው ነው።

፫፤ ደንብ ከፈታኙ ምን ይጠብቃል?

በእንግሊዝ አገር ኦፍኳል የሚባል የፈተናዎችና የምስክር ወረቀቶች ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት አለ። በሕግ የቆመ መሥሪያ ቤት ሆኖ ሥራውን የጀመረው በ2010 እ.ኤ.አ. ነው። ይህ መሥሪያ ቤት ምስክር ወረቀት ለሚሰጡ ድርጅቶች ሁሉ ደንብ አውጥቷል። ከደንቡ ውስጥ ኤ6 የተባለው ስለ ሥጋት፣ ኤ7 ስለ ደረሰ ድንገተኛ ነገር፣ ኤ8 ስለ ማጭበርበርና ስለ አሠራር ጕድለት፣ ቢ3 ለተቆጣጣሪው ስለ ማስታወቅ ይናገራል። የሩቅ አገር ደንብ ማንሣቴ እኛን ይገዛናል ለማለት አይደለም፤ ነገሩ በተራ በተራ ስለ ተጻፈ ለመማሪያ ይመቻል ብዬ ነው። ሐሳቡም ባጭሩ እንደሚከተለው ነው።

1ኛ፤ አስቀድሞ ማወቅ። ፈታኙ ድርጅት ተፈታኙን ወይም የምስክር ወረቀቱን ታማኝነት ሊጐዳ የሚችለውን ነገር ሁሉ ሳይደርስ ለይቶ ማወቅ አለበት።

2ኛ፤ መከላከል። ያወቀውን ሥጋት እንዳይደርስ ማድረግ፣ ጨርሶ ማስቀረት ካልተቻለም መቀነስ ይገባዋል።

3ኛ፤ መጻፍ። ድንገተኛ ነገር ቢደርስ ማን ምን እንደሚያደርግ የሚገልጥ፣ በየጊዜው የሚታደስ የተጻፈ ዕቅድ ሊኖረው ይገባል። በሰው ራስ ውስጥ ብቻ ያለ ዕቅድ ሰውየው በቀረ ቀን አብሮ ይቀራል።

4ኛ፤ ሲደርስ ፈጥኖ መሥራት። ጕዳቱን ማገድ፣ ማቃለልና ማረም ያስፈልጋል። በዚህ ጊዜ ቅድሚያ የሚሰጠው ለሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ፈተናው የሚችለውን ከማይችለው በትክክል እንዲለይ ነው። ሁለተኛው፣ ምስክር ወረቀቱ በትክክልና በጊዜው እንዲሰጥ ነው።

5ኛ፤ ማስታወቅ። ጕዳት ሊያመጣ የሚችል ነገር መድረሱን ወይም ሊደርስ መቃረቡን ያወቀ ድርጅት ለተቆጣጣሪው ሳይዘገይ መናገር አለበት። ነገሩን መደበቅ ሌላ ጥፋት ነው።

የወንድሜ ንግግር በ4ኛው ነጥብ ውስጥ እንዳለ አስተውሉ። ኃዘኔታ ችሎታን ሊተካ አይችልም፤ ነገር ግን ችሎታውን እንዳያሳይ የከለከለውን እንቅፋት ሳያነሡ መፍረድም ፍርድ አይባልም። ስለዚህ ትክክለኛው ካሣ ዕድሉን መመለስ ነው፤ ያልታየ ችሎታን መስጠት አይደለም።

ደንብ መኖሩ ብቻ ግን አይበቃም። በ2022 እ.ኤ.አ. በነሐሴ ወር በዚያው በእንግሊዝ አገር ብዙ የሙያ ተማሪዎች ውጤታቸውን በቀኑ ሳያገኙ ቀሩ። ጕዳዩ በተመረመረ ጊዜ በትምህርት ቤቶችና በፈታኝ ድርጅቶች መካከል አስፈላጊው መረጃ በጊዜው ሳይደርስ መቅረቱ ታወቀ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ለዚህ ሥራ አንድ ኃላፊ እንዲሰይም፣ ውጤት የሚጠብቀው ማን እንደ ሆነም በትምህርቱ ዘመን መካከል አስቀድሞ እንዲመሳከር ተደረገ።

፬፤ በሀገራችን የታየው

በኛም አገር ትልልቅ ምሳሌዎች አሉ። እነዚህ የሙያ ምዘና ሳይሆኑ የ12ኛ ክፍል ፈተና ታሪኮች ናቸው፤ ቢሆንም ትምህርቱ አንድ ነው።

በግንቦት ወር 2008 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና በተጀመረበት ቀን የእንግሊዝኛው ጥያቄ በማኅበራዊ መገናኛ ወጥቶ ተገኘ። ፈተናው ተሰረዘ፤ ከ250,000 በላይ የሆኑ ተማሪዎችም በዚያው ክረምት እንደገና ተፈተኑ። መሰረዙ ብዙዎችን አሳዝኗል፤ ነገር ግን አስቀድሞ የታየ ጥያቄ ያጠናውን ካላጠናው ሊለይ አይችልም። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ሄደው እዚያው እያደሩ እንዲፈተኑ የተደረገውም ስርቆትን ለመከላከል ነበር።

ሁለተኛው ምሳሌ የራሳችን ነው። በሐምሌ ወር 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ቆቦ ደረሰ። ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ የብዙ ሰው ሕይወት ጠፋ። የ2013 ዓ.ም. ፈተና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ በሌላው አገር ሲሰጥ የሰሜን ወሎ ተማሪዎች ሊቀመጡ አልቻሉም። በኋላ ግን በጦርነቱ ምክንያት ላልተፈተኑት ሌላ ዙር ተዘጋጅቶ ተሰጣቸው። ያ ዙር ያለፉትን ወራት፣ የተቃጠለውን ደብተር፣ የጠፋውን ወገን አልመለሰም። ሆኖም የፈተናውን ዕድል መልሷል።

፭፤ በቆላችን ሊታሰብ የሚገባው

ይህን ሁሉ ወደ ራሳችን አገር ስናመጣው የሚከተለውን እናገኛለን።

መብራት። ጀኔሬተሩ ነዳጅ ተሞልቶ ከምዘናው ቀን በፊት ተነሥቶ ይታይ። መብራት የጠፋበትና የተመለሰበት ሰዓት ይጻፍ፤ የጠፋው ጊዜም ይጨመር።

ሙቀት። በቆርቆሮ ጣራ ሥር በቀትር መበየድ እጅግ ከባድ ነው። ከባዱ ሥራ በማለዳ ይሁን፤ የሚጠጣ ውሃም አይታጣ።

መንገድ። ከዞብል፣ ከጎብዬ፣ ከሮቢት ወይም ከዋጃ የሚመጣ ተመዛኝ በክረምት ወንዝ ሞልቶ ሊያግደው ይችላል። ወልድያ ድረስ ያለውም መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በማይችለው ምክንያት የዘገየ ሰው በምን ደንብ እንደሚስተናገድ አስቀድሞ ይነገር።

የአካል ጕዳት። ጓንትና የዓይን መከላከያ ያላደረገ ሰው ሥራ አይጀምር። ሰው ቢቈስል መጀመሪያ ኃይሉ ይቋረጥ፤ ቀጥሎ ቍስለኛው ይረዳ፤ ስለ ፈተናው የሚታሰበው ከዚያ በኋላ ነው።

ዝምድና። በትንሽ ከተማ ሰው ሁሉ ዘመድ ነው። የወንድሙን ልጅ የሚመዝን ሰው ይህን አስታውቆ በሌላ መዛኝ ይተካ። እንዲህ ማድረጉ ከሐሜት የሚጠብቀው ራሱን ነው።

ማጭበርበርና መዝገብ። የተመዛኙ መታወቂያ ይታይ፤ ጥያቄው ታሽጎ ይቈይ፤ የውጤቱም ወረቀት በሁለት ቅጅ በሁለት ቦታ ይቀመጥ።

ከነዚህ ውስጥ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቀው ጀኔሬተሩ ብቻ ነው። የቀሩት አብዛኞቹ እርሳስ፣ ወረቀትና ጥንቃቄ ይበቃቸዋል።

፮፤ የኛ ድርሻ

ተማሪዎች፣ ምዘና ከመጀመሩ በፊት «ድንገት አንድ ነገር ቢደርስ ለማን እንናገር?» ብለን እንጠይቅ። ሲደርስም ውጤት እስኪነገር ሳንጠብቅ እዚያው በቦታው እንናገር፤ እንዲጻፍልን በትሕትና እንለምን፤ የተጻፈውንም አንብበን እንፈርም። ይሁን እንጂ ሳይደርስብን ደረሰብን አንበል። የአንድ ሰው ሐሰት የነገውን እውነተኛ አቤቱታ ያሳጣል።

ወላጆቻችን፣ ልጃችሁ በተጐዳ ጊዜ ማለፊያ ለመግዛት ወይም አማላጅ ለመላክ አትድከሙ፤ የተወሰደበት ዕድል እንዲመለስለት በጽሑፍ ጠይቁ። ነገ የቤታችሁን መብራት የሚዘረጋው፣ የመስኖ ጕድጓዳችሁን ሞተር የሚጠግነው ያ ወረቀት የተሰጠው ሰው ነው።

መምህራኖቻችንንም አንድ ነገር እለምናለሁ። በትምህርት ቤታችን ፈተና በሚሰጥበት ክፍል ሁሉ አንድ የድንገተኛ ነገር መዝገብ ይቀመጥልን። ሰዓቱ፣ የሆነው ነገር፣ የተደረገው መፍትሔና የሁለት ሰዎች ፊርማ ይጻፍበት። ከዚህ ከለመድነው ነገ በምዘና ጣቢያ አናፍርም።

ወንድሜ በሁለተኛው ዙር ሲቀርብም መብራት አንድ ጊዜ ጠፋ። የዚያን ቀን መዛኝ የነበሩት ሰው ሰዓታቸውን አይተው በወረቀት ላይ ጻፉና «ልጄ፣ ጊዜህ አልሄደም፤ ተቀመጥ» አሉት። መብራቱ ሲመለስ ቆሻሻውን ፍቆ ሥራውን ቀጠለ። መዛኙ በመዶሻ ቢመቱት ብየዳው አልተሰነጠቀም። ዛሬ በከተማችን የውሃ ሮቶ ማቆሚያ ይበይዳል፤ እኔም ከሥሩ ሳልፍ አልፈራም።