የነዳጁን ኩፖን ማን እንደሚወስድ እዪ

እስቲ ላፕቶፑን ወደዚህ አዙሪልኝ። ለመሥሪያ ቤትሽ የምትጽፊው የጉዞ መመሪያ «ሠራተኞች የሕዝብ ትራንስፖርት እንዲጠቀሙ ይበረታታሉ» ነው የሚለው? አጥፊው እህቴ። የመሥሪያ ቤትሽ ሠራተኛ አብዛኛው ዛሬም የመጣው በታክሲ፣ በአንበሳ ወይም በሸገር አውቶብስ፣ ያም ካልሆነ በእግሩ ነው። ነዳጅ ከማንም በላይ የቆጠቡትን ሰዎች «በርቱ» ማለት አያምርም። አንቺ ማሰብ ያለብሽ እስከ መቼ ይችሉታል የሚለውን ነው። ሜክሲኮ ሰልፍ ላይ ዝናብ ሲወርድበት ያመሸ ሰው ደመወዙ ከፍ ባለ ማግስት የሚያስበው የመኪና ብድር ነው፤ አይፈረድበትም።

ስለዚህ መጀመሪያ ሰዉን ጠይቂ። ሰፈሩን፣ ስንት ታክሲ እንደሚይዝ፣ የት እንደሚቀይር፣ ማታ ስንት ሰዓት ቤቱ እንደሚገባ። መጠይቁ ላይ ስም አይጻፍ፤ ያረፈደ የሚለቀምበት ከመሰላቸው እውነቱን አይነግሩሽም። ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ አያት፣ ጀሞ ሲደጋገም ታያለሽ። ኮንዶሚኒየሙ ወደ ዳር ሲወጣ ሥራው መሀል ከተማ ቀርቷል።

ሰርቪስ ስትከራዪ ዋጋ ብቻ አይተሽ አትፈርሚ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ ቁጥር 1156/2011፣ ድርጅቱ ባቀረበው ወይም ለዚሁ በተከራየው መኪና ሲመጣና ሲመለስ ሠራተኛው ላይ የሚደርሰውን ጉዳት የሥራ ላይ ጉዳት ብሎ ነው የሚቆጥረው። ቦሎውን፣ ኢንሹራንሱን፣ ጎማውን ራስሽ እዪ። ደግሞ አንድ ማታ አብረሻቸው ሂጂና ሴቶቹ የሚወርዱበትን ቦታ ተመልከቺ። ሰርቪሱ ዋናው አስፋልት ላይ ያራግፋቸውና ይዞራል። ከዚያ እስከ ብሎካቸው ያለው መንገድ መብራት ከሌለው፣ ልጅቷ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ፣ ስልኳን እያበራች፣ ከኋላዋ የሚመጣውን እየሰማች ነው የምትሄደው። ሾፌሩ ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ እንዲያወርዳቸው ውሉ ላይ አስገቢው፤ በቃል ከቀረ በሳምንቱ ይረሳል። በጀት አይበቃም ካሉሽ ጎረቤት መሥሪያ ቤቶችን አነጋግሪ። አንድ ሕንፃ ላይ ያሉ ድርጅቶች ወደ አንድ ሰፈር ግማሽ ባዶ ሰርቪስ በየፊናቸው የሚልኩበት ምክንያት የለም።

የመግቢያ ሰዓቱም ይላላ። ሁሉም ሁለት ተኩል ላይ ካልፈረመ የሚል ደንብ ሰዉን ሁሉ አንድ ሰልፍ ላይ ያከማቻል። ሕጉ የሚለው መደበኛው ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይለፍ ነው። አንዱ አንድ ተኩል፣ ሌላው ሦስት ሰዓት ቢገባ ምን ይጎድላል? ደንበኛ የሚያስተናግዱት በተራ ይሸፍኑታል።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። መሥሪያ ቤትሽ ለትራንስፖርት ገንዘብ የለኝም ይላል፤ አለው። ኃላፊዎቹ በየወሩ የነዳጅ ኩፖን ይወስዳሉ፣ ከግቢው ጥሩ ጥሩው የመኪና ማቆሚያ የነሱ ነው። የጽዳት ሠራተኛዋ ግን ከዚያች ደመወዟ ላይ ቀንሳ ታክሲ ትከፍላለች። ይሄ በግልጽ መነገር ያለበት አድልዎ ነው። ከዚህም የከፋው ኩፖኑ ካልተነዳበት የሚቃጠል መሆኑ ነው፤ መኪናውን ቤት ጥሎ የሚመጣ ኃላፊ ይቀጣል ማለት ነው። መኪናውን የተወ ሰው ያንኑ ገንዘብ በእጁ ይውሰድ፣ በሰርቪሱም ወንበር ይኑረው። ወደ ጥሬ ገንዘብ ሲለወጥ የግብሩ ነገር ስለሚመጣ ፋይናንሱን ቀድመሽ አማክሪ። ማቆሚያውን ደግሞ ባልደረቦቹን ጭኖ ለሚመጣ አስቀድሙለት።

የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ስለተከለከለ አለቆችሽ የኤሌክትሪክ መኪና መግዛታቸው አይቀርም። ይግዙ፤ መብራታችን በአብዛኛው ከውኃ ስለሚመነጭ ጭሱ በእውነት ይቀንሳል። ግን አንድ ሰው ብቻውን የተቀመጠበት የኤሌክትሪክ መኪናም መገናኛ ላይ የሚይዘው ቦታ ያው ነው። መጀመሪያ የሚገዛው ሚኒባስ ይሁን፤ ማታ ግቢ ውስጥ ቻርጅ ሲደረግ አድሮ ጠዋት ሰው ያመጣል።

ክረምት ሲገባ በሩ ላይ ቆመሽ እዪ። የቢሮ ጫማዋን በፌስታል ይዛ፣ ጭቃ በነካው ሸራ ጫማ የምትገባ ልጅ አታጪም። ሽንት ቤት ውስጥ ግድግዳ ተደግፋ በአንድ እግሯ ቆማ ትቀይራለች። መደርደሪያ፣ አግዳሚ ወንበርና አንድ ቧንቧ ብዙ ወጪ አይደለም። ብስክሌት ይዞ የሚመጣም እንዲሁ ነው፤ ጥበቃው «እዚህ አይቆምም» ካለው ነገ አይመጣም።

ወደ ፊልድ ጉዞ ስትመጪ ደግሞ የስምሪት መዝገቡን ክፈቺ። በአንድ ሳምንት ሦስት ክፍል ሦስት መኪና ሐዋሳ ልኮ ብታገኚ አይግረምሽ፤ አንዱ የሌላውን አያውቅም። የጉዞ ጥያቄ ሁሉ አንድ ሰው ዘንድ ይሰብሰብ። ድሬዳዋ ለሚሄድ በኤሌክትሪክ የሚሄደው ባቡር አለ፤ ከለቡ ተነስቶ በአዳማ በኩል ያደርሳል። የሚነሳበትን ቀን አስቀድመሽ አረጋግጪ፣ ጣቢያውም ከመሀል ከተማ ራቅ ስለሚል ማድረሻ መኪና አዘጋጂ፤ አለዚያ ሰዉ አውሮፕላኑን ይመርጣል። መንገዱ የሚያሰጋ ከሆነ ግን በአውሮፕላን ይሂድ፤ እዚህ ላይ አትከራከሪ።

አዲስ አበባ የሚሠራ ሰው ሁሉ ቢሾፍቱ ወርዶ የሚሰለጥነው ለውሎ አበሉ እንደሆነ አንቺም አለቆችሽም ታውቃላችሁ። በዚያ አበል የቤት ኪራዩን የሚከፍል አለና እንዲሁ ቆርጠሽ አትጣይበት። ስልጠናው እዚሁ ይሁን፣ ከሆቴሉና ከነዳጁ የተረፈው ወደ ሠራተኛው ይዙር ብለሽ ተከራከሪ፤ ያኔ ሰዉም ካንቺ ጋር ይቆማል።

ማኔጅመንቱ ፊት ስትቀርቢ ከአየር ንብረት አትጀምሪ። ያለፈውን ዓመት የነዳጅ፣ የጥገናና የሆቴል ወጪ በአንድ ገጽ አውጪላቸው። ቀጥለሽ ዋና ሥራ አስኪያጁ በሳምንት አንድ ቀን በሰርቪሱ እንዲመጡ ለምኛቸው። እሳቸው የሚሳፈሩበት ሰርቪስ አያረፍድም፣ የተሰበረ ወንበሩም ይጠገናል።