ድንበር ስለሚሻገር የዱር አራዊትና ዕፀዋት ንግድ

እግዚአብሔር ለአገራችን ከሰጣት ሀብት አንዱ በዱሯ የሚኖረው አውሬና የሚበቅለው ዕፅ ነው። ከብት በበሽታ ቢያልቅ ከጎረቤት ገዝቶ እንደ ገና ማርባት ይቻላል፤ የአውሬ ዘር ግን አንድ ጊዜ ከጠፋ ገንዘብ አይመልሰውም። ደግሞም አንዱ መንግሥት ሲከለክል ሌላው ቢገዛ ክልከላው ከንቱ ነው። ስለዚህ ሻጭና ገዥ አገሮች በአንድነት የሚጠብቁት ውል የካቲት 24 ቀን 1965 ዓ.ም. በዋሽንግተን ተፈረመ፤ ከሰኔ 24 ቀን 1967 ዓ.ም. ጀምሮም ጸና። ስሙ በአጭሩ ሳይቴስ ይባላል። ኢትዮጵያ በ1981 ዓ.ም. ገባችበት፤ ዛሬ ከ180 የሚበልጡ መንግሥታት አሉበት።

ውሉ የሚገዛው ድንበር የሚሻገረውን ንግድ ነው፤ በአገር ውስጥ የሚደረገውን አደን እያንዳንዱ መንግሥት በራሱ ሕግ ይወስናል። ንግድ ማለትም ሕያው እንስሳ ብቻ አይደለም፤ ቆዳውን፣ ጥርሱን፣ ቀንዱንና ከዚያ የተሠራውን ዕቃ ይጨምራል። መዝገቦቹም ሦስት ናቸው።

1ኛ፤ ሊጠፉ የተቃረቡት የተጻፉበት ነው። አቦሸማኔና ነብር በዚህ ውስጥ ናቸው። ለንግድ ማሻገር ክልክል ነው፤ ለሌላ ጉዳይ ቢፈቀድም የላኪውም የተቀባዩም መንግሥት ፈቃድ ያስፈልጋል።

2ኛ፤ ንግዱ ካልተገታ ወደ መጥፋት የሚደርሱት የተጻፉበት ነው። ጭላዳ ዝንጀሮ፣ የዱር እሬት፣ ቅርፊቱ በአውሮፓ ለመድኃኒት የሚፈለገው ጥቁር እንጨትም እዚህ አሉ። የላኪው አገር ሊቃውንት በዘሩ ላይ ጉዳት እንደማይደርስ ሳይመሰክሩ ፈቃድ አይሰጥም።

3ኛ፤ አንድ መንግሥት ሌሎቹ እንዲያግዙት ለምኖ ያስጻፋቸው ናቸው። ዝባድ የምትሰጠውን ጥርኝ ቦትስዋና አስጽፋለች።

አንድ ዘር ከመዝገብ ወደ መዝገብ መዛወሩ ምን ያህል እንደሚለውጥ ዝሆን ያስረዳል። በአፍሪካ በ1970ዎቹ መጀመሪያ 1 ሚሊዮን 300 ሺህ ገደማ የተገመተው የዝሆን ብዛት በ10 ዓመት ውስጥ ወደ 600 ሺህ ገደማ ወረደ። በዚያ ዘመን ዝሆን በሁለተኛው መዝገብ ስለ ነበረ ጥርሱ በፈቃድ ይሸጥ ነበር፤ በስርቆት የተገኘውም ከተፈቀደው ጋራ ተደባልቆ ያልፍ ነበር። ስለዚህ በ1982 ዓ.ም. ሎዛን ላይ በተደረገው ጉባኤ ወደ አንደኛው መዝገብ ተዛወረ። ቆይቶ የአራት የደቡብ አፍሪካ አገሮች ዝሆኖች ወደ ሁለተኛው ተመለሱ፤ የኢትዮጵያ ዝሆን ግን በአንደኛው ጸንቶ አለ። መንግሥታችንም መጋቢት 11 ቀን 2007 ዓ.ም. 6 ቶን የሚያህል የተያዘ የዝሆን ጥርስ በአዲስ አበባ አቃጠለ።

ዛሬ ይልቁን የሚያሳስበው የአቦሸማኔ ግልገል ነው። ከምሥራቅ ቆላ ተይዞ በሶማሌ የባሕር ጠረፍ በኩል ወደ ዐረብ አገር ይሸጣል፤ ብዙውም በመንገድ ይሞታል። ግልገሉ ከእናቱ ከተለየ በኋላ በወደብ ቢያዝ እንኳ ወደ ዱር መመለሱ እጅግ አስቸጋሪ ነው። እንግዲህ ጥበቃው የሚጀምረው ከወደብ ሳይሆን ከወረዳ ነው።

ስለዚህ አገር የሚያስተዳድር ሹምና መሬት የያዘ ሰው ሁሉ ይህን ይጠብቅ፤

የሹም ደብዳቤ የንግድ ፈቃድ አይደለምና አውሬ ለማሳለፍ ደብዳቤ አይጻፍ። ፈቃዱን የሚሰጠው የዱር እንስሳት ልማትና ጥበቃ ባለሥልጣን ነው።

ፈቃድ የሚያሳይ ነጋዴ ሲመጣ፣ የተጻፈው ዓይነትና ቍጥር ከያዘው ዕቃ ጋራ ይመሳከር።

የተያዘ ግልገል ወይም ቆዳ ለሹሙ ቤት ጌጥ፣ ለእንግዳም ገጸ በረከት አይሁን፤ ወዲያው ለባለሥልጣኑ ይነገር።

የአርብቶ አደሩም አቤቱታ ይሰማ። ፍየሉ የተበላበት ድኻ ግልገሉን ለነጋዴ ቢሸጥ የሚያገኘው ጥቂት ነው፤ ትርፉን የሚወስደው ባሕር ማዶ ያለው ነው። በረቱ እንዲጠብቅ የረዳው ሹም፣ ከሚቀጣው ሹም ይልቅ ብዙ አቦሸማኔ ያድናል።

ሕግ በወረቀት ቢጻፍም የሚጸናው በሚያስፈጽመው ሰው ነው። ዛሬ በቸልታ ያለፈውን ጭነት ነገ ልጆቻችን በስሙ ብቻ ያውቁታልና፣ ሹም ሁሉ በወረዳው ይትጋ።