የጥንቱ መኪና መሪ ሲቀልል ዋጋውስ?

በአሮጌ ዕቃ ንግድ ውስጥ ለማሻሻያ የሚወጣ ገንዘብ ሦስት ዓይነት ዕድል ይገጥመዋል። አንዳንዱ ከነትርፉ ይመለሳል። አንዳንዱ በአገልግሎት ተበልቶ ያልቃል። አንዳንዱ ደግሞ ራሱ መጥፋቱ ሳይበቃው ከዋናው ዕቃ ዋጋ ላይ ይቆርሳል። ነጋዴ ገንዘቡን ከኪሱ ከማውጣቱ በፊት ከሦስቱ የትኛው እንደሚጠብቀው ማወቅ ይኖርበታል። ለዚህ ትምህርት ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው በአውሮፓና በአሜሪካ የጥንታዊ ስፖርት መኪና ገበያ የተለመደው፣ በኤሌክትሪክ የሚታገዝ መሪ የመግጠም ሥራ ነው።

ነገሩ ተራ የጋራዥ ጉዳይ ይመስላል፤ ሆኖም የገበያውን አቅርቦት የሚነካ ነው። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተሠሩት አብዛኞቹ ስፖርት መኪናዎች መሪያቸው አጋዥ የለውም። እነዚህን መኪናዎች በወጣትነታቸው የተመኙ፣ በኋላም ገንዘብ ሲያገኙ የገዙ ብዙ ሰዎች ዛሬ በእርጅና ዕድሜ ላይ ይገኛሉ። ሞተሩ ደህና፣ ቀለሙ ደህና፣ የባለቤቱ ትከሻና የእጅ አንጓ ግን እንደ ድሮው አይደለም። መኪናውን ከማቆሚያ ለማውጣት መታገል ሲጀምር ያለው ምርጫ ሁለት ነው፤ ወይ መሸጥ፣ ወይ መሪውን ማቅለል። ስለዚህ መሪው ላይ የሚገጠመው ትንሽ ሞተር ባለቤቱን በገበያው ውስጥ የሚያቆይ መሣሪያ ነው ማለት ይቻላል።

መሪው ለምን ይከብዳል?

መሪ እጅግ የሚከብደው መኪናው ቆሞ ጎማው መሬት ላይ ሲጠመዘዝ ነው። መኪናው መንከባለል ሲጀምር ክብደቱ ይቀንሳል። በጥንታዊ መኪናዎች ላይ ችግሩን የሚያባብሱት ብዙውን ጊዜ ባለቤቶቹ ራሳቸው ናቸው። ከፋብሪካ የወጣበትን ጠባብ ጎማ አውልቀው ሰፊ ያስገባሉ፤ ትልቁን የመሪ ክብ በትንሽና በሚያምር ይለውጡታል። ሰፊ ጎማ መሬቱን ይበልጥ ይይዛል፤ ትንሽ ክብ ደግሞ የእጅን ጉልበት ያሳንሳል። ገንዘብ ከማውጣት በፊት የጎማውን ንፋስ መለካት፣ የፊት እግሩን ግራሶ ማየት፣ የመሪውን ክብ ወደ ጥንቱ መመለስ የመጀመሪያው እርምጃ ሊሆን ይገባል። በነጻ የሚፈታን ችግር በገንዘብ መፍታት የነጋዴ ሥራ አይደለም።

የሚገጠመው ዕቃ

በዘይት ግፊት የሚሠራው ፓወር ስቲሪንግ ለሽያጭ በሚቀርብ የቤት መኪና ላይ የታየው እ.ኤ.አ. በ1951 በክራይስለር ኢምፔሪያል ነበር። ይህኛው በቺንጋ የሚዞር ፓምፕ፣ የዘይት ማጠራቀሚያና ቱቦዎች ይፈልጋል፤ መኪናው ቀጥ ብሎ ሲሄድም ፓምፑ የሞተሩን ጉልበት ይበላል። በጥንታዊ መኪና ላይ እንግጠመው ከተባለ ኮፈኑ ሲከፈት ሁሉም ነገር ይታያል።

የኤሌክትሪኩ አሠራር ሌላ ነው። በትንሽ መኪና ላይ ቀድሞ የታየው እ.ኤ.አ. በ1988 በጃፓን በሱዙኪ ሴርቮ ሲሆን፣ በ1990 የወጣው የሆንዳ ኤን ኤስ ኤክስ ስፖርት መኪናም ተጠቅሞበታል። በመሪው ዘንግ መካከል ሲጠመዘዝ ጥቂት የሚሰጥ ቀጭን ብረት አለ። አሽከርካሪው መሪውን ሲያዞር ይህ ብረት ምን ያህል እንደተጠመዘዘ ይለካል፤ መቆጣጠሪያው ሳጥን ልኬቱን ተቀብሎ ኤሌክትሪክ ሞተሩን ያዝዛል፤ ሞተሩም በጥርስ አማካይነት ዘንጉን ያግዛል። እጅ ካልጠየቀ ሞተሩ አይሠራም። ዕቃው በሙሉ ከዳሽቦርዱ ሥር ስለሚደበቅ ኮፈን ከፍቶ የሚያይ ገዢ ምንም አያገኝም።

ይህንን ዕቃ ለማግኘት ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ለመኪናው ዓይነት ተለክቶ የተዘጋጀ ሙሉ ዕቃ መግዛት ነው፤ ዋጋው ውድ ነው፣ ግን በቡሎን ገብቶ በቡሎን ይወጣል። ሁለተኛው ከተጋጨ ዘመናዊ መኪና የወለቀ ዘንግ ገዝቶ ቆርጦና በይዶ ማስማማት ነው። በእንግሊዝ አገር ለዚህ ሥራ በብዛት የሚፈለገው በዚያ ቮክስሆል እየተባለ የሚሸጠው የኦፔል ኮርሳ ዘንግ ነው። ዕቃው ርካሽ ነው፤ የበያጁ እጅ ግን ርካሽ መሆን የለበትም።

ኤም ጂ ቢን ብንወስድ

ኤም ጂ ቢ በእንግሊዝ አገር በአቢንግደን ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1980 ከግማሽ ሚሊዮን በላይ የተመረተ ስፖርት መኪና ነው። ብዛቱ መለዋወጫውን ርካሽ አድርጎታል፤ ለጀማሪ ሰብሳቢም የታወቀ መግቢያ በር ነው።

እስከ 1967 ድረስ የተሠሩት ኤም ጂ ቢዎች ሁለት ነገር ይጎድላቸዋል። አንደኛ፣ የባትሪያቸው ፖዘቲቭ ጫፍ ከመኪናው አካል ጋር የታሰረ ነው። ዘመናዊው መቆጣጠሪያ ሳጥን ግን ኔጋቲቩ ከአካሉ ጋር እንዲታሰር ይፈልጋል፤ ሳይገለበጥ ቢገጠም ሳጥኑ ይቃጠላል። ሁለተኛ፣ ኃይል የሚያመነጩት በዲናሞ ሲሆን ይህ ዲናሞ ቢበዛ 22 አምፔር አካባቢ ይሰጣል። የመሪው ሞተር ደግሞ መኪናው ቆሞ ሲጠመዘዝ ለአጭር ጊዜ 40 አምፔርና ከዚያም በላይ ሊጠይቅ ይችላል። ልዩነቱን የሚሸፍነው ባትሪው ነው። ባትሪው ደካማ ከሆነ፣ ማታ መብራት በርቶ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ጉድለቱ ይታያል። ስለዚህ የሥራው ዋጋ ሲጠየቅ ኦልተርኔተሩ፣ ወፍራሙ ሽቦና የራሱ ፊውዝ አብረው መቆጠር አለባቸው። የዘንጉን ዋጋ ብቻ ነግሮ ሥራ የሚቀበል ጋራዥ ሙሉውን ሒሳብ አልነገረም።

አደጋው የት ላይ ነው?

ብዙ ሰው የሚፈራው ኤሌክትሪኩ መንገድ ላይ ቢጠፋስ ብሎ ነው። በዚህ አሠራር መሪውና ጎማው በብረት እንደተያያዙ ስለሚቀሩ ኃይሉ ሲቋረጥ መሪው ይከብዳል እንጂ አይለቅም። ይበልጥ ሊፈራ የሚገባው ብየዳው ነው። ተቆርጦ የተበየደ ዘንግ ከተሰበረ መኪናውን የሚመራው የለም።

ሌላም አለ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 1968 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋሉት የፌዴራል የደህንነት ደረጃዎች መኪናው በግጭት ጊዜ የመሪው ዘንግ የአሽከርካሪውን ደረት እንዳይወጋ የሚጠብቁ ናቸው። ይህንን ለማሟላት የሚሰበሰብ ዘንግ የተሠራለትን መኪና ያንን ክፍል ቆርጦ በጠንካራ ቱቦ መተካት፣ ለእጅ ምቾት ደረትን መሸጥ ነው።

ሦስተኛው የስሜት ጉዳይ ነው። ዘመናዊ መኪና ፍጥነቱ ሲጨምር እገዛውን ይቀንሳል። የጥንቱ መኪና ፍጥነቱን ለሳጥኑ የሚነግርበት መንገድ ስለሌለው ብዙዎቹ በእጅ የሚዞር ማስተካከያ ይገጥማሉ። እገዛው ከበዛ መሪው በፍጥነት መንገድ ላይ እንደ ውሃ ይሆናል። ፖርሽ 911 እንኳ እ.ኤ.አ. በ2011 ከዘይት ወደ ኤሌክትሪክ መሪ ሲዛወር ከወዳጆቹ ብዙ ትችት ደርሶበታል፤ የስፖርት መኪና ገዢ ከሚከፍልባቸው ነገሮች አንዱ በእጁ የሚሰማው የመንገዱ ንግግር ነውና።

ሒሳቡ

ይህንኑ በምሳሌ ለማየት 15 ሺህ ፓውንድ የሚያወጣ መኪና እንውሰድ። ለመሪው ሥራ ጠቅላላ 2 ሺህ 500 ፓውንድ ወጣ እንበል። ምቾት የሚፈልግ ገዢ ሲመጣ ለዚሁ ሲል 1 ሺህ ፓውንድ ቢጨምር፣ ኪሳራው 1 ሺህ 500 ይሆናል። ባለቤቱ አምስት ዓመት ከነዳው በዓመት 300፣ በወር 25 ፓውንድ ማለት ነው። መኪናውን በሐራጅ ሸጦ 10 በመቶ ኮሚሽን ቢከፍል ኖሮ ያው 1 ሺህ 500 ይሄድበት ነበር፤ መኪናውም አብሮ።

ገዢው ግን ኦሪጅናል የሚፈልግ ቢሆንስ? እዚህ ላይ ሁለት ባለቤቶች ይለያያሉ። የመጀመሪያው በቡሎን የሚገጠመውን መርጦ የጥንቱን ዘንግ ጠቅልሎ መደርደሪያ ላይ አስቀምጧል። አዲሱን ፈትቶ በግማሽ ዋጋ በ1 ሺህ 250 ይሸጣል፣ ለጋራዥ 300 ይከፍላል፣ የጥንቱን መልሶ ያስገባል። ኪሳራው 1 ሺህ 550 ነው። ሁለተኛው የጥንቱን ዘንግ ቆርጦታል። ገዢው ሌላ ዘንግ ፈልጎ ለማስገጠም 1 ሺህ 200 ከዋጋው ላይ ቢቀንስበት፣ ከወጪው ጋር ተደምሮ ኪሳራው 3 ሺህ 700 ይደርሳል። የ2 ሺህ 150 ፓውንዱን ልዩነት ያመጣው ተጠቅልሎ የተቀመጠ አንድ አሮጌ ብረት ነው።

የመጀመሪያው ባለቤት ለሁለቱም ዓይነት ገዢ መሸጥ ይችላል፤ ኪሳራውም በሁለቱም በኩል ተቀራራቢ ነው። ሁለተኛው ግን አንዱን ገዢ ከወዲሁ አባሯል። የገበያ ትምህርቱ እዚህ ላይ ነው። ዋጋ የሚጠብቀው ማሻሻያው ሳይሆን መመለሻ መንገዱ ነው።

ሕጉና ወረቀቱ

ዓለም አቀፉ የጥንታዊ ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽን (ፊቫ) በቱሪን ቻርተሩ የሚመክረውም ይህንኑ ነው፤ ከዘመኑ ውጪ የሆነ ለውጥ አነስተኛና ሊመለስ የሚችል እንዲሆን፣ የወለቀው ዋና ዕቃም ከመኪናው ጋር እንዲቀመጥ። በጀርመን ከ1997 ጀምሮ 30 ዓመት ለሞላቸውና መልካቸውን ለጠበቁ መኪናዎች የሚሰጠው ልዩ ሰሌዳ የግብር ጥቅም ያስገኛል፤ መሪ የነካ ሰው ሥራውን በመርማሪ ማስመዝገብ ይኖርበታል። በእንግሊዝ ከግንቦት 2018 ጀምሮ 40 ዓመት ያለፋቸው መኪናዎች ከዓመታዊ ምርመራ ነጻ ሲሆኑ፣ መሠረታዊ ለውጥ የተደረገባቸው ግን ይህ ነጻነት የላቸውም። የመሪ ዓይነት መቀየር ከሚታዩት ነጥቦች አንዱ ነው፤ ለደህንነት የተደረገ ለውጥ ደግሞ በተለየ ሁኔታ ይታያል። በየትኛውም አገር ቢሆን ለኢንሹራንስ ያልተነገረ ለውጥ በአደጋ ቀን ክርክር ማስነሳቱ አይቀርም። ደረሰኝ፣ ፎቶግራፍና የጋራዡ ወረቀት የመኪናው ዋጋ አካል ናቸው።

የአዲስ አበባ መኪና ደላላ ይህንን ሁሉ በአንድ ጥያቄ ያውቀዋል። ገዢው ኮፈን አስከፍቶ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ኦሪጅናሉ ነው?» ብሎ ነው። ሻጩ «አይደለም፣ ግን የወለቀው ይኸው» ብሎ ዕቃውን ካወጣ ድርድሩ ይቀጥላል። «ተጥሏል» ካለ ግን ዋጋው እዚያው መውረድ ይጀምራል።