አንድ ነገር በሁለት ቦታ፦ ኦቲዝም ያለበት ልጅ ወላጅ ከትምህርት ቤቱ ጋር እንዴት ይሥራ?

መምህርቷ «ልጁ እጁን ራሱ ይታጠባል» ትላለች። እናት ትስቃለች፦ «ኧረ ቲቸር፣ ቤት እኮ እጁን ዘርግቶ ቆሞ ነው የሚቀረው!» ሁለቱም አልዋሹም። ትምህርት ቤት ያለው የሮቶ ቧንቧ ነው፤ ልጁ ይከፍታል፣ ይታጠባል፣ ይዘጋል። ቤት ግን ውኃው የሚቀዳው ከጆግ ነው፤ እንደ ወጉ አንድ ሰው ያስታጥበዋል። ለሌላ ልጅ ሁለቱም ያው መታጠብ ነው። ኦቲዝም ላለበት ልጅ ግን ቧንቧውና ጆጉ የማይገናኙ ሁለት ሥራዎች ሊሆኑበት ይችላሉ። በአንድ ቦታ፣ ከአንድ ሰው ጋር፣ በአንድ ዕቃ የተማረውን ወደ ሌላ ቦታ ይዞ መሄድ ይከብደዋል።

የወላጅ ተሳትፎ ጉዳይ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። የሌላው ተማሪ ወላጅ ከስብሰባ ቢቀር፣ ካርድ ሳይፈርም ቢያሳድር፣ ልጁ የለየውን ፊደል አይረሳም። እዚህ ግን ቤት ያልተደገመ ትምህርት ክፍል ውስጥ ተቆልፎበት ይቀራል። ከዚህ በታች የተዘረዘረው ሁሉ፣ ደሴም ይሁኑ ኮምቦልቻ፣ ልጅዎ በልዩ ፍላጎት ክፍልም ይማር በመደበኛ ክፍል፣ አንድ ነገር መርጦ በሁለቱም ቦታ በአንድ ዓይነት መንገድ ለመሥራት ነው።

በአገራችን ይህን መንገድ የጠረጉት ራሳቸው ወላጆች ናቸው። ዘሚ የኑስ ሙያቸው የፀጉርና የውበት ሥራ ነበር። ኦቲዝም ያለበት ልጃቸው መማሪያ ሲያጣ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ፤ አፋቸውን ላልፈቱ ልጆችም «አቡጊዳ ፎኔቲክስ» የተባለ ማስተማሪያ አዘጋጁ። እሳቸው በ2012 ዓ.ም. ቢያርፉም ሥራቸው አልቆመም። ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልም እንዲሁ ከወላጆች ጭንቀት የተወለደ ነው።

ደረጃ 1፦ ከምዝገባ በፊት ጆሮ ይመርመር

ስሙ ሲጠራ የማይዞር ልጅ ኦቲዝም ሊኖርበት ይችላል፤ የመስማት ችግርም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ የሕፃናት ሐኪም ያይልዎ፤ ጆሮውም ይመርመር። የተሰጠዎትን ወረቀት ሁሉ ፎቶ ኮፒ አድርገው በአንድ ክላሰር ያስቀምጡ። ፀበል መውሰድም ሆነ ዱዓ ማስደረግ የቤተሰቡ ጉዳይ ነው፤ ወሎ ውስጥ ሁለቱንም የሚሞክር ቤት ሞልቷል። ማሳሰቢያዬ አንድ ብቻ ነው፦ የሚጥል በሽታ መድኃኒት የጀመረ ልጅ በዚህ ሰበብ መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ።

«እንዲህ ዓይነት ልጅ አንቀበልም» ከተባሉ ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ማጽደቋን በትሕትና ያስታውሱ። አንቀጽ 24 ማንም ልጅ በአካል ጉዳት ምክንያት ከትምህርት ሥርዓቱ እንዳይገለል ይደነግጋል። ምላሹን በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ከዚያ ወደ ከተማው ትምህርት መምሪያ ይዘውት ይሂዱ። የጽሑፍ ምላሽ ሲጠየቅ ብዙ በር በራሱ ይከፈታል።

ደረጃ 2፦ ልጅዎን በአንድ ገጽ ይጻፉት

መምህሯ በመጀመሪያው ሳምንት የሚያስፈልጋት የልጁ ታሪክ ከእርግዝና ጀምሮ አይደለም። አንድ ገጽ ይበቃል። እንዲህ ያለ፦

«የሚወደው፦ የባጃጅ ጎማ ሲዞር ማየት፣ ውኃ። የሚያስጨንቀው፦ ደወል፣ ራሱን መነካት። ሲርበው፦ እጄን ይዞ ወደ ሌማቱ ይጎትተኛል። ሽንቱ ሲመጣ፦ በአንድ እግሩ ይቆማል። የማይበላው፦ ወጥ የነካው እንጀራ፤ ለየብቻ ከሆነ ሁለቱንም ይበላል። ሲከፋው፦ ዝም ብሎ አጠገቡ መቀመጥ ያበርደዋል፤ ‹አብሽር፣ አብሽር› እያሉ መደባበስ ያብስበታል።»

በአንድ እግሩ መቆሙን የማታውቅ መምህር ልጁን ቀኑን ሙሉ በረጠበ ሱሪ ልታውለው ትችላለች። ይህን ዓይነቱን ዕውቀት የትኛውም ሐኪም ጽፎ አይሰጣትም። ማፈርም አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ጥናት አዲስ አበባ ውስጥ ከተጠየቁ 102 አሳዳጊዎች 45 በመቶ ያህሉ በልጃቸው ሁኔታ እንደሚያፍሩ ተናግረዋል፤ ከአራቱ አንዱ ደግሞ ነገሩን ለመደበቅ ይጥራል። መምህሯ ዘንድ ግን የተደበቀ ነገር የሚጎዳው ልጁን ነው።

ደረጃ 3፦ መንገዱን ያጥኑት

ከኮምቦልቻ ደሴ የሚመላለስ ልጅ ካለዎት የትምህርት ቀኑ የሚጀምረው ሐረጎ ዳገት ላይ ነው። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም የሁለቱ ከተሞች ከፍታ ከ500 ሜትር በላይ ይለያያል። እኛ ጆሯችን ድፍን ሲል ምራቅ ዋጥ አድርገን እናልፈዋለን። ልጁ ግን ምን እንደሆነ መናገር አይችልም፤ ጆሮውን ይይዛል፣ ይጮኻል፣ ጭንቅላቱን ከመስኮቱ ጋር ያጋጫል። ተሳፋሪው «ምነው አትቆጡትም!» ይላል። ቁጣ አይደለም የሚያስፈልገው። ዳገቱም ቁልቁለቱም ላይ በየመሐሉ ውኃ ጉንጭ ጉንጭ ያስጠጡት ወይም ዳቦ እየቆረሱ ያስበሉት። የሚቻል ከሆነ ሁልጊዜ አንድ ወንበር ላይ ያስቀምጡት።

ልብሱንም ያስቡበት። ኮምቦልቻ በሸሚዝ የወጣ ልጅ የደሴን ብርድ የሚችለው ሹራብ ደርቦ ነው፤ ሹራብ ደግሞ ብዙዎቹ እነዚህ ልጆች የማይወዱት ነገር ነው። አንገቱ ላይ ያለውን ምልክት ቆርጠው ያውጡለት። ደጋግሞ ታጥቦ የለሰለሰ አሮጌ ሹራብ ከአዲሱ ይሻለዋል፤ የጎረቤት ወሬ አያሳስብዎ።

ባጃጅ ኮንትራት ከያዙ ሾፌሩ አይለዋወጥ። ልጁን በር ላይ አውርዶ መሄድ እንደማይቻል፣ ከእጅ ወደ እጅ ብቻ እንደሚያስረክብ ይነገረው። ሳይታሰብ ተነሥቶ የሚሮጥ ልጅ ከሆነ ስልክ ቁጥርዎን በጨርቅ ላይ ጽፈው ከልብሱ ውስጥ በኩል ይስፉለት።

ደረጃ 4፦ አንዱን ነገር ይምረጡ

ዋናው ሥራ ይህ ነው፤ ጊዜ ይስጡት። ከመምህሯ ጋር ለግማሽ ሰዓት ቁጭ ብለው ለሚቀጥሉት ሳምንታት አንድ ነገር ብቻ ይምረጡ፤ ሦስት አይምረጡ። በየቀኑ የሚያጋጥም፣ ቤትም ትምህርት ቤትም የሚሠራ፣ ሲሳካ በዓይን የሚታይ ይሁን።

የአብዛኛው ወላጅ የመጀመሪያ መልስ «አፉን ይፍታልኝ» ነው። ማን ይፈርዳል? ግን ይህ ለሳምንታት የሚሆን ሥራ አይደለም። «ውኃ ሲጠማው የኩባያ ፎቶ አንሥቶ ይስጠኝ» ሲባል ሥራ ይሆናል። ሥዕል ካስለመድነው ጭራሽ መናገር ይተዋል የሚለው ስጋት ብዙ ቤት አለ፤ ጥናቶች ግን ሥዕል ንግግርን እንደማያግድ ነው የሚያሳዩት።

እንግዲህ እጅ መታጠብን መረጣችሁ እንበል። መምህሯ ሥራውን ትቆራርጠዋለች፦ እጅጌ መሰብሰብ፣ ውኃ መንካት፣ ሳሙና ማንሣት፣ ማሸት፣ ማለቅለቅ፣ ማድረቅ። እያንዳንዱን በስልክ ፎቶ ያንሡ፤ ፎቶ ቤት አሳትመው ላሚኔት ያስደርጉ፤ አንዱን ቅጂ የትምህርት ቤቱ ቧንቧ አጠገብ፣ ሌላውን ቤትዎ የመታጠቢያው ቦታ ላይ በልጁ ቁመት ልክ ይለጥፉ። ከዚያ ቃል ይስማሙ። እሷ «ታጠብ» ስትል እርስዎ «በል ና እስቲ የኔ ጌታ፣ ምሳ ሳይበርድ እጅህን…» የሚሉ ከሆነ ልጁ የሚሰማው ሁለት የተለያየ ነገር ነው። አንድ ቃል ይበቃል። ቤታችሁ ኦሮምኛ የሚነገርበት ከሆነም የትኛው ቃል እንደሚሠራ አብራችሁ ወስኑ።

እርዳታው ከኋላ ይሁን፤ ፊት ለፊት ቆመው አይናገሩ፤ ከጀርባው ሆነው እጁን በእጅዎ ይምሩት። መጀመሪያ ሁሉንም አብረውት ይሥሩና የመጨረሻዋን ብቻ፣ ማድረቋን፣ ለሱ ይተዉለት። ሲያደርቅ ያን ጊዜውኑ የሚወደውን ይስጡት። ማድረቁን ሲለምድ ማለቅለቁን ይልቀቁለት፤ እንዲህ እያሉ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ይሂዱ። ልጁ ሁልጊዜ ሥራ ጨርሶ ይሸለማል፤ ጀምሮ አይተውም።

የጆጉስ ነገር? መውጫው ሁለት ነው። ቤት ቧንቧ ያለው ጀሪካን ይግዙ፤ ወይም ለጥቂት ቀናት ጆግና ሳህን ይዘው ይሂዱና መምህሯ ክፍል ውስጥ በጆግ ታለማምደው። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ልጁ ሠርግ ሲሄድ፣ አያቱ ቤት ሲሄድ የሚያጋጥመው ጆግ ነውና።

የመረጣችሁት ነገር በግለሰባዊ የትምህርት ዕቅዱ ላይ ይጻፍ። «ዕቅዱን ላየው እችላለሁ?» ብሎ መጠየቅ ድፍረት አይደለም። ካልተዘጋጀ አብራችሁ አዘጋጁት፤ ፈርሙበት፤ በየመንፈቁ ይታይ።

ደረጃ 5፦ የመገናኛ ደብተር

አንድ ባለ 32 ቅጠል ደብተር በልጁ ቦርሳ ይመላለስ። ጠዋት እርስዎ አንድ መስመር፦ «ሌሊት አልተኛም፤ ቁርስ አልበላም።» ከሰዓት እሷ አንድ መስመር። መጻፍ የማይችል ወላጅ ታላቅ ልጁን ያስጽፍ ወይም በስልክ ድምፅ ይላክ።

ረብሻ ሲኖር ሦስት ነገር ይጻፍ፦ ከዚያ በፊት ምን ነበር፣ ልጁ ምን አደረገ፣ ከዚያ ምን ተከተለ። ለምሳሌ፦ «ምሳ ሰዓት፣ ክፍሉ ጫጫታ ነበር። ሳህኑን ወረወረ። ወደ ውጭ አወጣነው፤ ዝም አለ።» ይህ በተከታታይ ቀናት ከተደጋገመ ነገሩ ይገለጣል፦ ልጁ ሳህን መወርወር ከጫጫታ እንደሚያስወጣው ተምሯል። እንግዲያውስ ሳይወረውር በፊት የበሩን ፎቶ ሲሰጥ እንዲወጣ ያስተምሩት፤ ቤትም እንግዳ ሲበዛ ያው ፎቶ ይሠራል። ቅጣት ይህን አያስተምረውም። ደግሞም ደብተሩ የስሞታ መዝገብ እንዳይሆን፤ በጎውም ይጻፍበት።

ደረጃ 6፦ ቤተሰቡ በሙሉ

እናት ለብቻዋ የያዘችው ነገር እናት በታመመች ቀን ይፈርሳል። አባትም ክፍል ገብቶ ጥግ ይዞ ይመልከት፤ መጀመሪያ መምህሯን ያስፈቅድ፣ ሲቀመጥ ስልኩን ያጥፋ። አያት አዝነውለት ሁሉን ነገር ያደርጉለታል፤ «እማማ፣ ፎጣውን እሱ ያንሣ» ማለት ከባድ ነው፤ ግን ይባል።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ2 እስከ 9 ዓመት ላሉ ልጆች አሳዳጊዎች ያዘጋጀው ሥልጠና አለ፤ 9 የቡድን ትምህርትና 3 የቤት ጉብኝት አለው። አሠልጣኙ የግድ ስፔሻሊስት መሆን አይጠበቅበትም። ኢትዮጵያ ውስጥም ተሞክሯል። መርሑ ከላይ ያነበቡት ነው፤ በጨዋታና በዕለት ሥራ መሐል ማስተማር። የጤና ጣቢያችሁንና የትምህርት መምሪያውን የልዩ ፍላጎት ባለሙያ ስለ ሥልጠናው ደጋግማችሁ ጠይቁ።

ደረጃ 7፦ እንደ ቅሬው

የወሎ ሰው ቅሬ (ዕድር) ማቋቋም አይቸግረውም፤ ዳኛ፣ ጸሐፊ፣ ወርኃዊ ቀን፣ የተወሰነ መዋጮ። አምስት ወላጆች ከተገኙ በዚያው ሥርዓት ይሰባሰቡ። በወር አንዴ ቡና ይፈላል፤ አንዱ ልጆቹን ይጠብቃል፣ ሌሎቹ ይነጋገራሉ። ከመካከላችሁ አንዱ ወደ ወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረት ይመረጥ። እዚያ ወንበር የሌለው ሰው ደወሉ ይቀነስ፣ መጸዳጃ ቤቱ መወጣጫ ይሠራለት የሚል ሐሳብ አያስይዝም። መዋጮውን መጀመሪያ ለፎቶ ካርድና ለሳሙና አውሉት፤ ባነር ይቆይ።

ደረጃ 8፦ ትምህርት ሲቋረጥ

ከጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ውስጥ ሲያልፉ የትምህርቱ ሥርዓት በአንድ ጊዜ ተናጋ። ለነዚህ ልጆች ደግሞ የለመዱት ቅደም ተከተል ሲፈርስ የተማሩትም አብሮ ይላላል። ስለዚህ የፎቶዎቹ ሁለተኛ ቅጂ፣ የዕቅዱ ኮፒና ያቺ አንድ ገጽ ሁልጊዜ ቤት ይኑሩ፤ ድንገት መሄድ ካለ መጀመሪያ የሚያዙት እነሱና መድኃኒቱ ናቸው። ትምህርት ሲዘጋም ሰዓቱን አይልቀቁ፤ በመማሪያው ሰዓት ትንሽ ጠረጴዛ፣ ያው ካርድ፣ ያው ቃል።

የክረምት ዕረፍት ከጦርነት የቀለለ ቢሆንም ረጅም ነው። ሰኔ ላይ መምህሯ የትኛውን ነገር ብቻ እንደሚያስቀጥሉ ትንገርዎ። ጳጉሜን ላይ ልጁን ባዶ ግቢ ይውሰዱት፤ የክፍሉን በር፣ መጸዳጃውን፣ ሮቶውን ያሳዩት፤ መምህሩ ከተቀየረ የአዲሱን ፎቶ ይለምኑና ቤት ይለጥፉ። ጥበቃውን ግን አስቀድመው ያነጋግሩት፤ በሩ ተዘግቶ ከጠበቃችሁ ልጁ የሚይዘው የተዘጋውን በር ነው።